ደሴ ላይ ስካነሬ አውሮፕላን ትቶ ዘፈን ይይዝብኛል፤ ተበላሽቷል ወይስ እኔ ነኝ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። እህቴ ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ አሠሪዎቿ ሊጥሉት የነበረ አንድ የእጅ ስካነር፣ ማለትም በሬዲዮ ቁጥሮች ላይ እየሮጠ ንግግር ያገኘበት ላይ የሚቆም መቀበያ፣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ሬዲዮ መሆኑን እንጂ ምን እንደሚሠራ አታውቅም፤ ወንድሜ የተፈታታ ነገር ይወዳል ብላ ነው። የምፈልገው ቀላል ነው፤ ኮምቦልቻ የሚያርፉትንና በላያችን የሚያልፉትን አውሮፕላኖች መስማት። አብራሪዎች የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ መሆኑን አንብቤ ይህንኑ አስገባሁ።

የሆነው ይኸው ነው። ከዳር እስከ ዳር ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ የኤፍ ኤም ዘፈን፣ ያውም ማስታወቂያው ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይገባል። ስካነሩ መሮጥ ሲገባው በየቁጥሩ እየቆመ ያዛጋል። የባትሪ ቤቱን ብከፍተው ሞላዎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል፤ ስለዚህ በቻርጀር ነው የማበራው። አንቴናው አብሮት የመጣው አጭር ጎማ ነው። ተበላሽቷል? የሚሠራልኝስ ሰው አለ?

*

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ከ9 ቀን በኋላ ነው። ክሩ፣ ማለትም በዚህ መድረክ የከፈትኩት ይህ ውይይት፣ 34 መልስ ደርሷል፤ ግማሹ ስለ ሬዲዮ፣ ግማሹ ስለ ሌላ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ልይ ብሎ እንዳይደክም ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የተሰደብኩበትንም አልደበቅኩም።

1 ቁጥር ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ነው። ትሕትናው ልዩ ነው፤ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ አብሽር ብሎኛል። ከመፍረዱ በፊት አራት ነገር ጠየቀኝ፤ መቀበያው ኤ ኤም ላይ ነው ወይስ ኤፍ ኤም ላይ (ድምፅ ሞገድ ላይ የሚጫንባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው)፣ ስኩዌልች የሚባለውን ቁልፍ ምን ድረስ አዙሬዋለሁ፣ አንቴናው የት ቆሟል፣ ኃይሉን ከየት ነው የሚያገኘው። አራተኛዋን ያኔ እንደ ዋዛ ነበር ያለፍኳት። በየቁጥሩ እየቆመ ያዛጋል ላልኩት ወዲያው መልስ ሰጠኝ። ስኩዌልች ማለት በር ነው፤ ሲከፈት ጫጫታው ሁሉ ይገባል፣ ስካነሩም ጫጫታውን ንግግር መስሎት ይቆማል። ድምፁ ጸጥ እስኪል አዙር፣ ጸጥ ካለበት በኋላ ለጥቂት ብቻ ጨምርና ተው፤ ከዚያ ካለፍክ ደካማውን ጣቢያ ራስህ በሩ ላይ ዘጋህበት ማለት ነው አለ። አደረግኩት፤ መሮጥ ጀመረ። ዘፈኑ ግን አልሄደም።

2 ቁጥር ቀልደኛ ነው። አውሮፕላን መስማት ካማረህ ኮምቦልቻ ወርደህ አጥሩ ሥር ቁም፣ ያለ ባትሪ ትሰማለህ የሚል ነገር ጻፈ። የ1 ቁጥሩ ሰው በኋላ ተመልሶ ይህን ምክር ማንም እንዳይሰማ፣ አጥሩ ሥር የሚቆም ሰው የሚጠብቀው ጥበቃ ቀልድ እንደማያውቅ አሳስቧል።

3 ቁጥር ላይ አየሩ ተቀየረ። ይህ ሰው ክሩ ባስቸኳይ ይሰረዝ አለ። በ2014 ጥቅምት ከተማችን ያለፈችበትን የሚያውቅ ሰው አንቴና ያለው ነገር ይዞ አይወጣም፣ ኬላ ላይ ቢያዝ ማን ያስረዳለታል፣ እናንተ ግን እንደ መጫወቻ ታወሩበታላችሁ ብሎ ቆጣ አለ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም፤ ነገሩ ግን ውሸት አልነበረም።

4 ቁጥር ያንኑ በለዘበ ቃል መለሰው። ስካነር መቀበል እንጂ ማስተላለፍ እንደማይችል ጠቅሶ፣ ይሁንና የሬዲዮ ሞገድና ዕቃ ጉዳይ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሥር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ውስጥ ስለሆነ፣ ከቤት ይዞ ከመውጣት በፊት እነሱን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል አለ። ከምር የሚፈልግ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጥሪያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክበብ እንዳለ ጠቁሟል። እኔም እዚያው ላይ ደንብ አወጣሁ፤ በዚህ ክር የሚወራው ስለ አውሮፕላን ብቻ ነው። የፖሊስና የጸጥታ ሬዲዮ ቁጥር የጠየቀ ሁለት ሰው ነበር፤ መልሳቸውን አልቆጠርኩትም። ዲጂታልና የተመሰጠረ ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ የኔ ዓይነቱ ስካነር ቢያገኘውም የሚያሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

5 ቁጥር አጭር ነበረች፤ ግን የመጀመሪያውን ስሕተቴን ያረመችው እሷ ናት። መቀበያዬ ኤፍ ኤም ላይ ነበር። አውሮፕላን እስከ ዛሬ የሚናገረው በኤ ኤም ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በኤፍ ኤም ሁለት ሰው እኩል ቢናገር ጉልበተኛው ደካማውን ይውጠዋል፣ የተዋጠ መኖሩም አይታወቅም። በኤ ኤም ግን ሁለቱም ይሰማሉ፣ ቢያንስ ፉጨት ይሰማል፣ ኤርፖርቱ ማማ ላይ ሆኖ አውሮፕላን የሚመራው ሰው ሌላም ሰው እንደተጣራ ይገባዋል። እርምጃውንም፣ ማለትም ስካነሩ ከቁጥር ወደ ቁጥር የሚዘልበትን፣ 25 ኪሎ ኸርዝ አድርገው አለች፤ በ5 ሲሄድ ነበርና አንድ ዙር ለመጨረስ ይመሽበት ነበር።

6 ቁጥር ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ የምላቸው ስማቸውን ስላልጻፉ ነው፤ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ስካነር አንድም ቃል አላሉም። በደርግ ጊዜ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጆሯቸውን ሬዲዮ ላይ ለጥፈው የጀርመን ድምፅን ይሰሙ እንደነበር አጫወቱን። የአማርኛው ክፍል በመጋቢት 1957 ነው የተከፈተው፤ እሳቸው የያዙት ግን ዘግይተው ነው። ከዚያ በፊት ብሥራተ ወንጌል የሚባለው ጣቢያ እስከ ተወረሰበት እስከ 1969 ድረስ አዳሜ የሚሰማው እሱን ነበር አሉ። ሆን ተብሎ የሚለቀቅ የማፈኛ ጩኸት ሲመጣ መደወያውን በፀጉር ስንጣቂ ያህል ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ማምለጥ ትልቅ ሙያ ነበር። በዚህ ላይ አምስት ሰው ሌላ ወሬ ቀጠለ፤ እነሱን ቁጥር ውስጥ አላስገባኋቸውም እንጂ ክሩ ከ40 በላይ ይሆን ነበር።

7 ቁጥር ወደ ዘፈኑ መለሰን። የሬዲዮ ሠራተኛ ይመስለኛል፣ ቋንቋው የካውያና የሊድ ነው። ብዙ ስካነር የሚመጣውን ሞገድ ውስጡ ወደ 10.7 ሜጋ ኸርዝ አውርዶ ነው የሚያዳምጠው፤ በዚህ የተነሳ ከትክክለኛው ጣቢያ በ21.4 የራቀ ሌላ ጣቢያ እንደ ጥላ ተከትሎ ሊገባ ይችላል አለ። ዘፈኑን ከምትሰማበት ቁጥር ላይ 21.4 ቀንስ፣ የሚቀርህ የባጃጅ ሬዲዮ ላይ ያለ ቁጥር ከሆነ ምሥጢሩ ይኸው ነው ብሎ ሄደ። ወረቀት አምጥቼ ቀነስኩ። የመጀመሪያው ልክ፣ እስከ ነጥቡ ድረስ ልክ፣ በየካፌው የሚከፈተው ጣቢያ ላይ አረፈ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን የትም አላረፉም።

8 ቁጥር ይህን ሲያይ ዘሎ ገባ። ጥላ የሚባል የለም፣ ስካነሩ የከተማውን ማሰራጫ መሸከም አቅቶት ታንቆ ነው አለ። 7 ቁጥርን ዩቲዩብ ላይ የተማረ ብሎ ወረፈው፤ እሱም አልተኛም፣ የመለሰው እዚህ አይደገምም። ከስድቡ መሀል ግን 8 ቁጥር አንድ ወርቅ የሆነ መፈተኛ ጣለ። የሚገባውን ሞገድ ሁሉ የሚያዳክመውን ማድከሚያ ቁልፍ ተጫን፤ ዘፈኑ ከሌላው እኩል ብቻ ከደከመ ጥላ ነው፣ ከሌላው ይልቅ ጭራሽ ድራሹ ከጠፋ መታነቅ ነው። ፈተንኩት። አንዱ ደከመ፣ ሁለቱ ጠፉ። 9 ቁጥር እኔው ነኝ፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም አላመሰገኑኝም።

ከ10 እስከ 12 ያለው የባትሪ ቤቱ ጉዳይ ነው። 10 ቁጥር ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ እጠበው አለ። 11 ቁጥር አይሆንም አለች፤ ሶዳ የሚሆነው ለመኪና ባትሪ አሲድ ነው፣ የባትሪ ድንጋይ የሚያፈሰው ግን ተቃራኒው ነው፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ኮምጣጣ ነው፤ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አስነክተህ ጥረገው፣ ከዚያ በንጹሕ አልኮል አድርቀው፣ ጠንካራው በጥርስ ብሩሽ ይነሣል። ሎሚውን ስነካው አረፋ ደፈቀ፣ ያቺ ደቂቃ ደስ ትላለች፤ ከሥሩ የሞላው ብረት ብቅ አለ። ደግሞም ቻርጅ የማይደረግ ድንጋይ አስገብቶ ስካነሩን ቻርጀር ላይ መሰካት ዋናው ገዳይ እንደሆነ አስጠነቀቀችኝ፤ የእህቴ አሠሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል። ቻርጅ የሚደረገው በላዩ 1.2 ቮልት ይላል፣ ሌላው 1.5። 12 ቁጥር ከአልኮል ፋንታ አረቄ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ውሃ ነው ተባለ። ይህን የሚል ሰው ጥሩ አረቄ ቀምሶ አያውቅም ብሎ ተከራከረ፤ ተውነው።

13 ቁጥር ወልዲያ ፊዚክስ የምታስተምር እህት ናት። እስካሁን ሁሉም ስለ ዕቃው ሲያወራ ስለ ተራራው ያሰበ አለመኖሩ ገረማት። ይህ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ያልታየው አይሰማም። ሒሳቡም አለ፤ የአውሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ወስደህ ካሬ ሩቱን በ4.12 ስታባዛ ከስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሰማ ይነግርሃል። 10,000 ሜትር ላይ ላለ 412 ኪሎ ሜትር፣ 1,000 ሜትር ላይ ላለ 130። ወደ አፋር በሚወርደው በኩል በከፍታ የሚበር ከሆነ ከጅቡቲ አቅጣጫ የሚመጣውንም ልትሰማ ትችላለህ፤ በምዕራብ በኩል ግን የጦሳ ተራራ ቆሞብሃል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእናንተ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ከተራራ ኋላ ናት፤ ማማው ላይ ያለውን ሰው ከቤትህ አትሰማውም፣ የምትሰማው ሰማይ ላይ ያለውን አብራሪ ብቻ ነው፣ እሱም ለማረፍ ሲወርድ ከተራራው ጀርባ ገብቶ ይጠፋሃል። ስለዚህ ግማሽ ንግግር ብትሰማ ሬዲዮው ጎድሎ እንዳይመስልህ አለች። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ መልስ ይህ ነው፣ ከ16 ቁጥር ቀጥሎ።

14 ቁጥር ሴት ልጅ ስለ አንቴና ምን ታውቃለች ዓይነት ነገር ጻፈ። 15 ቁጥር ከሐይቅ የገባ ልጅ ነው፤ ካሬ ሩቱን አንተ ሥራውና እንይ ብሎ ዘጋው። 14 ቁጥር ከዚያ በኋላ አልታየም።

16 ቁጥር ያው የኮምቦልቻው ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

አላሰብኩትም ነበር። በቻርጀር ስለማበራው መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ባትሪ ቤቱ ከጸዳ በኋላ ግን ቻርጅ የሚደረጉ አራት ድንጋዮች ገዝቼ አስገባሁና ጠበቅኩ። ደሴ ላይ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ብዙ ትዕግሥት አይጠይቅም። በሦስተኛው ቀን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ስካነሩ መስኮቱ ላይ ተከፍቶ ነበር። ያ ሲንጣጣ የኖረ ቆሎ ከመብራቱ ጋር እኩል ጸጥ አለ። የጠፋ መስሎኝ ቁጥሩን አየሁ፤ እየሮጠ ነው። ስኩዌልቹን ከፈት አደረግኩት፤ ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ። ልጄ ሻማ እያመጣች ሳለ ስካነሩ ቆመና አንድ ሰው በእንግሊዝኛ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ሦስት አምስት ዜሮ ብሎ አንድ ስም ጠርቶ ዘጋ። ሦስት አምስት ዜሮ ማለት 35,000 ጫማ ላይ ነኝ ማለት መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጄ ማን ነው አለችኝ፤ ከላያችን የሚያልፍ ሰው አልኳት። ከ40 ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፣ ቆሎውም መጣ።

ይህን ስጽፍ 17 ቁጥር ቀጣዩን አሳየኝ። ስካነሩን በባትሪ ክፈት፣ የቤቱን ዋና ማጥፊያ ከቆጣሪው ሥር አጥፋ፤ ጫጫታው ከጠፋ ሌባው ቤትህ ውስጥ ነው፣ ካልጠፋ ጎረቤት ነው። ከዚያ አብራና አንድ በአንድ ንቀል። ባለቤቴ ፍሪጁን ስነቅል ዝም አለች፣ ቴሌቪዥኑን ስነቅል ዝም አለች፣ የስልኳን ቻርጀር ስነካ ግን ተነሣች። የስልኩ ቻርጀር ጥቂት ያንጫጫል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ርካሽ አምፖልም እንደዚያው። ትልቁ ሌባ ግን ሌላ ነበር። ሳሎን ጥግ ላይ ዓመት ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አለን። መብራት ሲጠፋ እንዲያበራልኝ የገዛሁት ዕቃ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ሬዲዮዬን ሲያደነቁር ኖሯል። ስነቅለው የቆሎው ምጣድ ከእሳት ወረደ።

18 ቁጥር ገመዱን ፌራይት በሚባለው ጥቁር ቀለበት ላይ ስድስት ሰባት ጊዜ ጠምጥመው፣ ቀለበቱን ከተጣለ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ ታገኘዋለህ አለ። ሞከርኩት፤ ቀነሰ፣ አልጠፋም። 19 ቁጥር ጣለው አለ። እኔም ከሶኬቱ ነቅዬ በር ሥር አስቀመጥኩት።

ከ20 ቁጥር ጀምሮ አንቴና ነው። 20 ቁጥር ጎማውን ተውና ራስህ ሥራ አለኝ። 75ን በሜጋ ኸርዙ ስታካፍል የሩብ ሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጥሃል፤ ለ127 ሜጋ ኸርዝ 59 ሴንቲ ሜትር፣ ሽቦው ሲሆን ትንሽ ስለሚያጥር 56። አንድ የመዳብ ሽቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ አራት 60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ደግሞ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች ዘመም ብለው። የመሀሉ ከገመዱ እምብርት ጋር፣ አራቱ ከመረቡ ጋር ይበየዳሉ። 21 ቁጥር የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ስካነሩ 50 ነው፣ አይጋቡም ብሎ ተከራከረ። 20 ቁጥር በቁጥር መለሰለት፤ በዚህ አለመግባባት የሚመለሰው ኃይል ከመቶ 4 ነው፣ ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም አርጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ የ50 ኦም ገመድ በ20 ሜትር ውስጥ ግማሹን ሲበላ የዲሹ ገመድ ያነሰ ነው የሚበላው። 22 ቁጥር የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ አይሆንም ወይ አለ። ይሆናል፣ ብረት ስለሆነ ሊድ አይይዝለትም እንጂ፣ በቡሎን ይታሰራል። እኔ የሠራሁት ከጃንጥላ ነው፤ ክረምቱ ለሰበረው ጃንጥላ ደሴ ሀብታም ናት።

23 ቁጥር ለዘፈኑ መድኃኒት አመጣ። ከአንቴናው መስመር ላይ ጫፉ ክፍት የሆነ ቁራጭ ገመድ በቲ መገጣጠሚያ አንጠልጥል፤ ለ98 ሜጋ ኸርዝ በአርጂ 58 ከሆነ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በዲሽ ገመድ ከሆነ 63። ያ ቁራጭ ኤፍ ኤሙን ለብቻው ይውጠዋል። ረዘም አድርገህ ጀምርና ዘፈኑ እስኪጠፋ በመቀስ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ ሂድ። 24 ቁጥር፣ ያው ተሳዳቢው 8 ቁጥር ነው፣ እውነቱን ሙሉ አልነገርከውም አለ፤ ቁራጩ አውሮፕላኑንም ይበላል፣ 120 አካባቢ ከግማሽ በላይ ኃይል ይሄዳል፣ ገንዘብ ካለው ከ88 እስከ 108 የሚዘጋ የተሠራ ማጣሪያ ይግዛ። 23 ቁጥር ገንዘብ ከሌለውስ ብሎ ጠየቀው። 8 ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ፣ ከሌለውማ ይቁረጥ አለ። ቆረጥኩ። ሁለቱ የታነቁት ዘፈኖች ጠፉ፣ ጥላው ደክሞ ቀረ። የቀረችውን ቁጥር እንዲዘልላት አድርጌ ዘጋኋት፤ ለዚህ የተሠራ ቁልፍ ስካነሩ ላይ አለ።

25 ቁጥር የኩታበር ሰው ነው፤ ምክሩ በራሱ የደረሰ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሰቀለው አንቴና ናስትሮው ፀሐይ በልቶት ከፈተ፣ ክረምት ገባ፣ ውሃው በገመዱ ውስጥ እንደ ቱቦ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሬዲዮው ውስጥ ተንጠባጠበ። ስለዚህ ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይውጣ፣ ጠብታው እዚያ ላይ ይወድቃል። ሰማይ ሲያጉረመርም ደግሞ ንቀለው፣ መስኮት ውጭም ጣለው፤ የእኛ አገር መብረቅ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም አለ።

26 ቁጥር ሌላ ዓይነት ነው። ሕዝብ ዳቦ ተቸግሮ እናንተ በ50 ሴንቲ ሜትር ገመድ ትጨቃጨቃላችሁ ብሎ ሁላችንንም ሰደበን። 27 ቁጥር፣ የሐይቁ ልጅ፣ መድረኩ ላይ ሌላ ስንት ክር እንዳለ ጠቁሞ ወንድሜ ግባና ፈልግ አለው። እኔ ግን ለ26 ቁጥር መልስ አልነበረኝም፤ ጃንጥላው ነጻ ነው ከማለት በቀር።

28 ቁጥር ለወደፊት የሚገዛ ካለ ስካነር አይግዛ አለ። ለቴሌቪዥን የተሠራች፣ አር ቲ ኤል 2832 ዩ የሚባል ቺፕ ያላት ዩ ኤስ ቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ አለች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሰዎች ይህቺ ነገር ብዙ ዓይነት ሬዲዮ መስማት እንደምትችል ደረሱበት። ከስልክ ጋርም ትሠራለች፤ 1090 ሜጋ ኸርዝ ላይ አድርጎ አውሮፕላኖቹን ካርታ ላይ ያያቸዋል። ጉድለቷንም አልደበቀም፤ ጠንካራ ኤፍ ኤም አጠገብ ከኔው ስካነር የባሰ ትታነቃለች። 29 ቁጥር በሷ የአሜሪካኖቹን ኖአ የሚባሉ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ሥዕል እቀበላለሁ ብሎ ተነሣ፤ 30 ቁጥር ዘግይተሃል አለችው፣ 15፣ 18 እና 19 ሦስቱም በ2025 እ.ኤ.አ. ዝም ብለዋል፣ አሁን የቀረው 137.9 አካባቢ የሚልከው የሩሲያው ሜቴዎር ነው፣ እሱም ዲጂታል ነው።

31 ቁጥር የኮምቦልቻና የደሴ ነገር ነው፤ የኮምቦልቻው ሰው ጉም ውስጥ ተቀምጣችሁ ሰማይ ትሰማላችሁ አለን፣ እኛም ላቡን አስታወስነው። 32 ላይ ጋሼ ተመለሱ። የድሮ ሬዲዮናቸው ድምፁን ሲያዞሩት ይንኳኳል፣ ይሠራልኝ ይሆን አሉ። የድምፅ ማዞሪያው ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው፤ ማጽጃ ስፕሬይ ነፋ አድርጎ ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማዞር ነው። ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ፣ ሠራሁላቸው፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣሁ። የመደወያው መስታወት ላይ በመርፌ የተጫሩ አራት ጭረቶች አሉ። የትኛው የማን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

33 ቁጥር እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሰማሁ፣ መምህርቷ እንዳለችው ግማሹን ብቻ፣ ከዚያ ተራራው ዋጠው ብዬ ጻፍኩ።

34 ቁጥር ማታ ገባ። ሬዲዮ አይፈልግም። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበ ጠቅሶ፣ ያን በር ሥር ያስቀመጥኩትን ቻርጅ የሚደረግ መብራት ጥዬው እንደሆነ፣ ካልጣልኩት መጥቶ ሊወስደው እንደሚችል በትሕትና ጠየቀ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ የሚያጠኑት በሻማ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ጢጣ ነው አለ። ከኔ ቤት በቂ ይርቃል። ነገ ይመጣል።